በብር የታሰረው የብርጭቆ ጆግ የማን ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ናቸው። ሁሉም ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ ስለሚጠይቁ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ከአዋጁ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከእናታችን ወላጆች የወረስነው አንድ የብርጭቆ ጆግ ቡፌ ላይ አለ። ቁመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ነው። አንገቱ፣ ክዳኑና እጀታው ብር ነው፤ ብርጭቆው ዙሪያውን በአልማዝ ቅርጽ ተቆርጧል። አንገቱ ላይ አምስት ጥቃቅን ማኅተሞች አሉ፦ የሚራመድ አንበሳ፣ የነብር ፊት፣ የሴት ራስ፣ የላቲኑ ኬ ፊደልና ሁለት ሌሎች ፊደላት። ከክዳኑ ውስጥ 1879 የሚል ተቀርጿል። ፊት ለፊት አንዲት ወፍ አለች፤ ከወፏ ሥር አምስት ኳስ ያለው ዘውድ ይታያል። አያታችን «ንግሥት ቪክቶሪያ ለራስ መኮንን የላከችው ነው፤ የወጣውም ከእንግሊዝ ባላባት ቤት ነው» ይሉ ነበር። እውነት ይሆን? ፎቶውን ልከናል። (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ባላባቱን ለጊዜው እናቆየውና ማኅተሞቹን እናንብብ። ከአምስቱ አራቱን የመታው በለንደን የብርን ጥራት በሕግ የሚመረምረው ቤት ነው፤ ሠሪው ወይም ሻጩ እንደፈለገ የሚያደርጋቸው አይደሉም። ስለዚህ ከማንም አፍ ከሚሰማ ታሪክ ቀድመው ሊታመኑ ይገባል።

የሚራመደው አንበሳ ብሩ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ለማነጻጸር ያህል የማሪያ ቴሬዛው ጠገራ ብር 833 ነው። የነብር ፊት የለንደን ምልክት ነው። ከ1821 ወዲህ ነብሩ ዘውድ አይደፋም፤ ዘውድ ስለሌለው አይጠራጠሩ። በርሚንግሃም የተመረመረ ቢሆን መልሕቅ፣ ሼፊልድ ቢሆን ዘውድ፣ ቼስተር ቢሆን ሦስት የስንዴ ነዶና ሰይፍ ያዩ ነበር።

የሴቲቱ ራስ የንግሥት ቪክቶሪያ ነው። ይህ ግን ዕቃው የንግሥቲቱ ነበር ማለት አይደለም። በእንግሊዝ ከ1784 እስከ 1890 በብር ዕቃ ላይ ቀረጥ ይከፈል ነበር፤ በዙፋኑ ላይ ያለው ንጉሥ ወይም ንግሥት ራስ የሚመታው ቀረጡ ተከፍሏል ለማለት ነው። በዚያ ዘመን ከለንደን የወጣ ተራ የብር ማንኪያ እንኳ ይህን ራስ ይዟል። የአያትዎ ታሪክ መነሻ ይህች ራስ ብትሆን አያስገርምም።

ዓመቱን የምትነግረን ኬ ናት። የለንደኑ መርማሪ ቤት ፊደሉን በየዓመቱ በሜይ ወር ይቀይር ነበር። አንዱ ዙር ከኤ እስከ ዩ ያሉ 20 ፊደላት ነው፤ ጄ ትዘለላለች። ስለዚህ ኬ በየ20 ዓመቱ ትመለሳለች፤ አንዷን ከሌላዋ የሚለየው የፊደሉ አጣጣልና የተቀመጠችበት ጋሻ ቅርጽ ነው። በጎቲክ አጻጻፍ (ማዕዘን በበዛበት የድሮ የላቲን አጣጣል) የተጻፈችው ትልቋ ኬ 1845፣ የጎቲኳ ትንሿ ኬ 1865፣ ቀጥ ያለችው የሮማ ትልቋ ኬ 1885፣ የሮማ ትንሿ ኬ 1905 ናት። ፎቶው ላይ የምትታየው ቀጥ ያለችው ትልቋ ናት። የንግሥቲቱም ራስ አብሯት አለ፤ የ1905 ዕቃ ቢሆን ራሱ አይኖርም ነበር። እንግዲህ አንገቱ የተመረመረው ከ1885 ሜይ እስከ 1886 ሜይ ባለው ጊዜ ነው። ሁለቱ ፊደላት የሠሪው ቤት ናቸው። ፊደላቱን ብቻ ይዞ ስም መጥራት ግን ያሳስታል፤ አንድ ዓይነት ፊደል የነበራቸው ሠሪዎች ብዙ ናቸው። የክፈፉን ቅርጽና በፊደላቱ መካከል ያለውን ነጥብ ጭምር ይመዝግቡ።

አሁን የሚያስቸግረው ቁጥር ላይ እንድረስ። አንገቱ 1885 ከሆነ ክዳኑ ውስጥ 1879 እንዴት ተጻፈ? ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ጽሑፉ ያለፈ ነገር ማስታወሻ ነው፤ የጋብቻ ዓመት ወይም በፈረስ ውድድር የተገኘ ድል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ዕድሜ ሊጨምርለት ብሎ በኋላ ቀርጾታል። ሦስተኛውና እኛ መጀመሪያ የምንመረምረው፣ ክዳኑ ከሌላ ጆግ የመጣ ነው። ሊነጣጠል የሚችል እያንዳንዱ የብር ክፍል ማኅተም ሊኖረው ይገባል፤ አንገቱ ሙሉውን አምስቱን፣ ክዳኑ ቢያንስ አንበሳውንና የሠሪውን ፊደላት፣ ብዙውን ጊዜም የዓመቱን ፊደል። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነፅር ከክዳኑ ውስጥ፣ ከማጠፊያው አጠገብ ይፈልጉ። እዚያም ኬ ካገኙ ክዳኑ የራሱ ነው፤ 1879ም ማስታወሻ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ዲ ካገኙ ግን ዲ የ1879 ፊደል ስለሆነች ክዳኑ ከሌላ ጆግ ተወስዷል። ምንም ማኅተም ከሌለው በኋላ የተተካ ነው ብለው ይያዙት።

መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩ፤ ከላይ የሚወርድ ብርሃን ማኅተሙን ያጠፋዋል። ማኅተሙ እንዲታይ ብለው በምንም ነገር አይፈትጉት። በተሻሸ ቁጥር ጠርዙ ይለዝባል፤ የለዘበ ማኅተም ደግሞ አይመለስም። ይህን አጥብቀን የምንለው የጆግዎ ሙሉ ማስረጃ ከጥፍር ጫፍ በሚያንሱ አምስት ቦታዎች ላይ ስላለ ነው።

ወደ ወፏ እንምጣ። በእንግሊዝ የማዕረግ ዘውድ የሚነበበው በመቁጠር ነው። ባሮን ስድስት ኳስ አለው፣ በሥዕል አራቱ ይታያሉ። ቫይካውንት አሥራ ስድስት አለው፣ ሰባት ወይም ዘጠኝ ይታያል። ኧርል ስምንት ኳሶች በረጃጅም ሹል ዘንጎች ላይ አሉት፣ በመካከላቸው ዝቅ ብለው የእንጆሪ ቅጠሎች ይገባሉ፤ በሥዕል አምስት ኳስና አራት ቅጠል ይታያል። ማርኪስ ቅጠልና ኳስ እያፈራረቀ በእኩል ከፍታ ይደረድራል። ዱክ ኳስ የለውም፣ ሁሉም ቅጠል ነው። ስለዚህ የእርስዎ አምስት ኳስ የኧርል የሚሆነው በመካከሉ ቅጠል ካለ ብቻ ነው። ቅጠል የሌለው ባለ አምስት ኳስ ዘውድ በጀርመንና በኦስትሪያ ማዕረግ የሌለው መኳንንት ይይዘው የነበረ ነው፤ እዚያ ባሮን ሰባት፣ ግራፍ ዘጠኝ ይይዛል። ድሬዳዋ ከብዙ የአውሮፓ አገር ሰው የኖረባት ከተማ ስለሆነች ይህን መለየት ይጠቅማል። የእንግሊዝ ጆግ ገዝቶ የራሱን አርማ ያስቀረጸ ሌላ አውሮፓዊ ሊኖር ይችላል።

ዘውዱ የኧርል ሆኖ ቢገኝ እንኳ ማዕረጉን እንጂ ሰውየውን አይነግረንም። ወፍ ብቻዋን የቤተሰብ ስም አትሆንም፤ አንድ ዓይነት ወፍ፣ አንድ ዓይነት አንበሳ፣ አንድ ዓይነት ክንድ ብዙ የማይዛመዱ ቤተሰቦች ይዘዋል። ቤተሰቡን የሚለየው በጋሻ ላይ ያለው ሙሉ አርማ ከነክፍሎቹና ከሥሩ የሚጻፈው መሪ ቃል ነው። በጋሻ ፈንታ የአልማዝ ቅርጽ ቢሆን ባለቤቷ ሴት ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም ያላገባች። በእርስዎ ጆግ ላይ ጋሻም መሪ ቃልም ስለሌለ «የእገሌ ቤት ነው» የሚልዎትን ሰው ሌላ ማስረጃ ይጠይቁት።

አርማው ራሱ ከመጀመሪያው የነበረ መሆኑንም ያጣሩ። ወፏ ላይ ቀስ ብለው ትንፋሽዎን ይተንፍሱባት። እንፋሎቱ ሲያርፍ ቀድሞ የነበረና የተፋቀ ቅርጽ ካለ ጥላው ብቅ ይላል፤ የብየዳ ንጣፍም ካለ ቀለሙ ይለያል። ቀጥሎ ቦታውን ከውስጥና ከውጭ በሁለት ጣት ይዳስሱት። የተፋቀ ብር ይሳሳል፣ ሲጫኑት ትንሽ ይሰረጉዳል። የድሮ ቅርጽ ጠርዙ በዓመታት ማጽዳት ለዝቦ ለጣት አይቆረቁርም፤ አዲስ ቅርጽ ግን ጥፍር ይይዛል።

የአያትዎን ቃል በተመለከተ፦ ንግሥት ቪክቶሪያ የሞተችው በጃንዋሪ 1901 ነው። ራስ መኮንን ወደ እንግሊዝ የሄዱት በ1902 ለኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ነበር፤ ስለዚህ ከንግሥቲቱ እጅ እዚያ ሊቀበሉት አይችሉም። ሆኖም በንግሥቲቱ ስም የመጣው የእንግሊዙ ዲፕሎማት የሬኔል ሮድ መልእክተኛ ቡድን በ1897 በዘይላና በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገብቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ውል ተዋውሏል፤ የሐረር ገዥ ደግሞ ያን ጊዜ ራስ መኮንን ነበሩ። ዘመኑ ታሪኩን አይከለክለውም ማለት ነው። ነገር ግን ከቤተ መንግሥት የሚላክ ስጦታ በአብዛኛው የንግሥቲቱ ስም ምህጻር የሆኑት ቪ እና አር ከዘውድ ጋር፣ ወይም የተቀባዩ ስምና ቀን ይቀረጽበታል። የሌላ ሰው ወፍ የተቀረጸበትና በተሰጠበት ጊዜ 11 ወይም 12 ዓመት የሆነው ዕቃ የንግሥት ስጦታ ነው ለማለት በጣም ያስቸግራል። በእኛ አስተያየት ያ ክፍል ከኋላ የተጨመረ ነው።

ታዲያ እንዴት ድሬዳዋ ገባ? የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የፈረንሳይ ነጋዴዎች፣ የቆንስላ ሰዎችና የሐዲዱ ሠራተኞች የቤት ዕቃ ይዘው ገብተዋል። በማርች 1941 የእንግሊዝ ጦር ሐረርንና ድሬዳዋን ሲይዝ መኮንኖቹ ተከትለው መጥተዋል። ከእነዚህ ማንኛውም ሊሆን ስለሚችል ሊያረጋግጥልዎ የሚችለው ወረቀት ነው። የውርስ ክፍፍል ሰነድ ላይ ጆጉ ተዘርዝሮ እንደሆነ፣ በአሮጌ የሠርግ ፎቶ ገበታ ላይ ይታይ እንደሆነ፣ የጅቡቲ ጉምሩክ ወይም የባቡር ጭነት ደረሰኝ በሻንጣ ሥር ቀርቶ እንደሆነ ይፈልጉ። አያትዎ የነገሩዎትንም ቃል በቃል ይጻፉት፤ ከማን እንደሰሙት፣ ጆጉ መቼ እቤት እንደገባ፣ ማን እንዳመጣው። እንዲህ ሲያደርጉ የተረጋገጠውንና የተነገረውን በአንድ ገጽ ላይ አይቀላቅሉ። አሥር ዓመት ቆይቶ የሚያነብ ሰው ሁለቱን መለየት መቻል አለበት።

ስለ ጆጉ ዓይነት ጥቂት እንጨምር። እንግሊዞች ይህን ዕቃ የሚጠቀሙበት ክላሬት ለሚሉት ለቀይ የቦርዶ ወይን ነበር። ወይኑን ከጠርሙስ ወደ ጆግ አጥልሎ ማቅረብ ልማድ ነው፤ አተላው ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል። በ1860 እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር በተዋዋለችው የንግድ ውል የፈረንሳይ ወይን ቀረጥ በጣም ቀነሰ፤ ክላሬትም የባለጸጎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ በመካከለኛ ቤቶች ገበታ ላይ ቀረበ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጆግ የበዛውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በብር የታሰረ ጆግ ሁሉ ከባላባት ቤት የወጣ አይደለም፤ የለንደን ጠበቃ ወይም የማንቸስተር የጨርቅ ነጋዴም ይገዛው ነበር።

ዋጋ አንጠራም። ዋጋውን የሚወስኑትን ግን እንንገርዎ፦ ክዳኑና አንገቱ የአንድ ዕቃ መሆናቸው፣ ማኅተሙ ጥርት ብሎ መነበቡ፣ ብርጭቆው በአንገቱ ሥር አለመሰንጠቁ፣ አርማው አለመፋቁ። በግራም የሚገዛ አንጥረኛ የሚሰጥዎ ዋጋ የዚህ ዕቃ ዋጋ አይደለም። ሚዛን ላይ ከሚከብደው አብዛኛው ብርጭቆ ነው፤ ብሩ ሲፈታ ለግራም የሚቀረው ጥቂት ነው፣ ጆጉም ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የእኔ ጆግ የብሩ አንገት ብርጭቆው ላይ ይወዛወዛል፤ ሲነካ ነጭ ዱቄት ይረግፋል። አንድ አንጥረኛ «በእሳት በይጄ አጠብቀዋለሁ» ብሎኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ ሱፐር ግሉ ይበቃል ትላለች። የትኛው ይሻላል? (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። የብር ብየዳ የሚፈስሰው ከ600 ዲግሪ በላይ ነው፤ ያ ሙቀት አንገቱን ሲነካ ብርጭቆው ወዲያው ይፈነዳል። ማንኛውም ብየዳ የሚሠራው ብሩ ከብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። በካውያና በእርሳስ ልበይድ የሚልም አለ፤ እሱም አይሆንም። እርሳሱ ብሩ ላይ ከቀረ በኋላ ላይ ለትክክለኛ ብየዳ ሲሞቅ ብሩን እየበላ ይቦረቡረዋል።

የሚረግፈው ነጭ ዱቄት ጀሶ ነው። የቪክቶሪያ ዘመን ሠሪዎች ብሩን ከብርጭቆው ጋር ያጣበቁት በጀሶ ነበር፤ ይህም ጥሩ ምክንያት አለው። ብር በሙቀት የሚሰፋው ከብርጭቆ በእጥፍ ገደማ ነው፤ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ሁለቱ እኩል አይንቀሳቀሱም። ጀሶ ከሁለቱም ደካማ ስለሆነ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እሱ ነው፤ ብርጭቆው ይተርፋል። ሱፐር ግሉና ኤፖክሲ ግን ይዘው አይለቁም፤ ጉልበቱ ወደ ብርጭቆው ይሄዳል። አንድ ቀን ማስለቀቅ ሲያስፈልግም አይወጡም።

አሠራሩ ይህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ ያንጥፉ። የአንገቱ አፍ ከእጀታው ትይዩ የት እንደሚውል በወረቀት ፕላስተር ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ክዳኑን ዘግተው በክር እሰሩት፤ ክዳን ተከፍቶ ሲሠራ ማጠፊያው ይጎብጣል። ከዚያ በመርፌ ሲሪንጅ የተጣራ ውሃ በክፍተቱ ጠብ ጠብ ያድርጉ፤ ውሃው የክፍሉ ሙቀት ይሁን። በየ15 ደቂቃው እየደገሙ ግማሽ ቀን ይጠብቁ። ጀሶው ሲለሰልስ አንገቱን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሱት። አያጣምሙት፤ የተቆረጠው ብርጭቆ ከብሩ ጋር የተቆላለፈ ከሆነ ጠርዙ ይላጣል። ከክፍተቱ የሚታየው ነጭ ሳይሆን ቡናማና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሙጫ ነው፤ ውሃ አይፈታውም። አልኮል የነካ ጥጥ ለጥቂት ሰዓት በክፍተቱ ዙሪያ ያስቀምጡ፤ እሳት ወይም የፈላ ውሃ አያስጠጉ።

የቀረውን ጀሶ በስቴኪኒ ይፋቁ፤ ቢላዋ ወይም መርፌ ብርጭቆውን ይጭረዋል። ሁለቱም ይድረቁ። የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ልም ጀሶ ከግንባታው ይሻላል፤ ለአንድ አንገት 30 ግራም ይበቃል። 18 ግራም ያህል ውሃ በትንሽ ሳህን ያድርጉና ዱቄቱን ውሃው ላይ ይነስንሱ፤ ውሃውን ዱቄቱ ላይ ካፈሰሱ ይጓጉላል። አንድ ደቂቃ በቀስታ ያዋሕዱ፤ በኃይል ከተመታ አረፋ ይይዛል። በአራት አምስት ደቂቃ ውስጥ መጠቀም አለብዎ። በብሩ ውስጠኛ ክፍል ስስ ሽፋን ይቀቡና አንገቱን በምልክቱ ላይ ያስቀምጡ፤ የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ይጥረጉ። ጀሶ ሲደርቅ ጥቂት ስለሚሰፋ አጭቀው አይሙሉት። ድሬዳዋ ውስጥ 24 ሰዓት ይበቃዋል፤ ሐረር በክረምት ከሆነ 48 ይጠብቁ። እስከዚያ በእጀታው አያንሱት። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሞልቶ ሲነሣ አንድ እጅ ከሥሩ ይደግፈው።

አንጥረኛው የተቀደደ ቦታ ሊጠግን ከሆነና በጠገራ ብር ሊለጥፍ ካሰበ ይንገሩት፦ 833ቱ መዳቡ ስለሚበዛ ከ925ቱ ቀድሞ ይጠቁራል፣ ንጣፉም ቶሎ ይለያል። 925 ብር ይፈልግለት። ማኅተሙ ባለበት ቦታ አጠገብም እሳት አይድረስ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ቤታችን ያለው ጆግ ውስጡ ደመና የመሰለ ነጭ ሆኗል፣ ብሩ ደግሞ ጠቁሯል። እናቴ በሎሚና በአመድ ልትፈትገው ነው። ላስቁማት? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አዎ፣ አስቁሚያት። አመድ ብሩን ይጭራል፤ ሎሚው ደግሞ በክፍተቱ ገብቶ ጀሶውን ይበላዋል። በረኪና፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ የተከለከሉ ናቸው፤ የበረኪናው ክሎሪን ብሩን አጥቁሮ ይበሳሳዋል። በፎይልና በቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ መንከር ለማንኪያ ይሠራል፤ ለዚህ ጆግ ግን አይሆንም። መንከሩ ጀሶውን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱ ብርጭቆውን ይሰነጥቃል፣ ከቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ያለውንም ጥቁረት አጥቦ አርማው እንዳይነበብ ያደርጋል። ያ ጥቁረት እዚያ መቅረት አለበት።

ለብሩ፦ የታጠበ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ ልም የኖራ ድንጋይ ዱቄት (ካልሲየም ካርቦኔት) እና በዱቄቱ ላይ ሊጥ እስኪሆን የሚጨመር ጥቂት የተጣራ ውሃ ይበቃል። በአንድ አቅጣጫ በቀስታ እሺው፣ ማኅተሞቹን ዝለያቸው፣ በእርጥብ ጥጥ አጥሪው፣ ወዲያው አድርቂው። በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል። የተጣራ ውሃ ስትገዢ ሻጩ ለባትሪ የሚሸጠውን አሲድ እንዳይሰጥሽ ጽሑፉን አንብቢ።

ለደመናው፦ የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት በማሞቂያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ጆጉም ውስጥ ያለው ይህ ሊሆን ይችላል። አቼቶ ሁለት ጣት ከፍታ ድረስ ብቻ አፍሺ፣ አንገቱን እንዳይነካ። ለ20 ደቂቃ ተይው፣ አፍሺውና በተጣራ ውሃ አለቅልቂው። አቼቶው ከነካው ቦታ ደመናው ከጠፋ ቅርፊት ነበር፤ ጆጉን እያዘነበልሽ ቀሪውን በዚሁ መንገድ አጽጂ። ምንም ካልተለወጠ ግን ብርጭቆው ራሱ ነው የታመመው፤ ለዓመታት እርጥበት ተዘግቶበት ገጹ ተበልቷል። ይህን የሚያወጣ መድኃኒት የለም፤ በመሣሪያ መሞረድ ብቻ ነው፤ እሱም ብርጭቆውን ያሳሳዋል። አሸዋ ወይም ጠጠር ከተው የሚያናውጡ አሉ፤ ክሪስታል (እንዲህ ያለ ጆግ የሚሠራበት እርሳስ ያለበት ብርጭቆ) ከተራ ብርጭቆ የለሰለሰ ስለሆነ በጭረት ይሞላል። ከታጠበ በኋላ ክዳኑን ከፍተሽ ለሁለት ቀን አድርቂው።

ስታስቀምጪው በጋዜጣ አትጠቅልዪው፣ በጎማ ላስቲክም አትሰሪው፤ ሁለቱም ብር የሚያጠቁር ድኝ አላቸው። ሁለት ጊዜ የታጠበ አቡጀዲ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ቀፊራ ላይ አንድ ሻጭ «የእንግሊዝ ብር ነው» ያለኝ ጆግ ላይ በየሳጥኑ የተቀመጡ አራት ፊደላት አሉ፤ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ። ልግዛው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ብር ቅብ ነው። ፊደላቱ በኒኬል ቅይጥ ላይ በኤሌክትሪክ የተቀባ ብር ማለታቸው ነው፤ ዘዴውን ኤልኪንግተን የተባለው የበርሚንግሃም ቤት በ1840 በፓተንት አስመዝግቦታል። ፊደላቱ ሆን ተብለው ማኅተም እንዲመስሉ በሳጥን ይደረደራሉ፤ የሚራመደው አንበሳ ግን የለም። የእጀታውን ጠርዝ ይዩ፤ ብሩ አልቆ ቢጫማ ግራጫ ብረት ብቅ ይላል። ማግኔት አይስበውም፣ በማግኔት ብቻ አይፍረዱ። ብርጭቆው ከላይ እስከ ታች የቅርጽ ማውጫ መስመር ካለው የተቆረጠ ሳይሆን በሻጋታ የተጨመቀ ነው። «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» የሚል ካለበት ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ብለው ይያዙት።

ቢሆንም ቅብ ስለሆነ ብቻ አይናቁት። የእንግሊዙ ንድፍ ሠሪ ክሪስቶፈር ድሬሰር ሂውኪን ኤንድ ሂዝ ለተባለው የብር ዕቃ ቤት የነደፋቸው ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሏቸው ጌጥ አልባ ጆጎች ብዙዎቹ ቅብ ናቸው፤ ዛሬ ግን በሙዚየም የሚቀመጡ ናቸው። ከሥሩ የአልማዝ ቅርጽ ያለው የንድፍ ምዝገባ ምልክት ካገኙ ንድፉ ከ1842 እስከ 1883 ባለው ጊዜ የተመዘገበ ነው፤ ከ1884 ወዲህ በምልክቱ ፈንታ ተራ ቁጥር ይጻፋል። የቅብ ዋጋ ሰጥተው የሚገዙት ከሆነ ይግዙት።

ጥያቄ፦ በበዓል ጠጅ ብናቀርብበትስ? (ከሸንኮር፣ ሐረር)

መልስ፦ ማቅረብ ይቻላል፣ ማሳደር አይቻልም። የእንግሊዝ ክሪስታል እርሳስ ያለበት ነው፤ ጠጅ ኮምጣጣ ስለሆነ እርሳሱን ቀስ በቀስ ይስባል፣ በቆየ ቁጥርም ይጨምራል። ከገበታው ሲነሣ ይገልብጡትና በለብታ ውሃ ያለቅልቁት። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴት አያቅርቡበት፤ የሎሚ ጭማቂም አያስቀምጡበት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ውጭ አገር አለ፣ እዚያ እንዲሸጥልኝ ልልክለት እፈልጋለሁ። ክልክል ነው? (ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነ ነገር ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የእርስዎ ጆግ ውጭ የተሠራ ቢሆንም ከኢትዮጵያ ታሪክ ሰው ጋር ይያያዛል የሚባል ከሆነ ጥያቄው ይነሣል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ወይም የከተማዎን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ወደ ቢሮው ሲሄዱ ሙሉውን ጆግ ከፊትና ከጎን፣ የክዳኑን ውስጥ፣ እያንዳንዱን ማኅተም በቅርብ፣ አርማውንና ሥሩን ያነሡበትን ፎቶ ይያዙ፤ በፎቶው ላይ ማስመሪያ ከጎኑ ይታይ። ቁመቱን፣ የአፉን ስፋትና ያለበትን ጉዳት ሁሉ በወረቀት ጽፈው ያያይዙ። ጆጉን ራሱን ፈቃዱ እስኪመጣ ከቤት አያውጡት።